ጄን ቴኒሰንን ከየት እንጀምራት? የመርማሪዎችን የወጣትነት ዘመን የሚተርኩ ድራማዎች በንጽጽር

የወንድሜ ሚስት ቨርጂኒያ ትኖራለች፤ እኔ አዲስ አበባ። አንድ ቅዳሜ ማታ ስለ አንድ የእንግሊዝ የፖሊስ ድራማ በስልክ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። እሷ «ሦስት ክፍል ነው፤ ዛሬ ጨረስኩት» ትላለች። እኔ «ስድስት ነው እንጂ፤ ግማሹን አላየሽውም» እላለሁ። ርዕሱን እንኳ አንድ ዓይነት አንጠራውም። እሷ ያየችው «ፕራይም ሰስፔክት፦ ቴኒሰን» ይባላል፤ እኔ ያየሁት «ፕራይም ሰስፔክት 1973»። ስናጣራው ለካ አንድ ነው። በ2017 የእንግሊዙ ቴሌቪዥን ጣቢያ አይ ቲ ቪ በስድስት ክፍል ያስተላለፈውን የአሜሪካው ጣቢያ ፒ ቢ ኤስ በዚያው ዓመት ሁለት ሁለቱን ክፍል አጣምሮ፣ ስሙንም ቀይሮ በሦስት ምሽት አሳይቶታል። ስልኩን ልንዘጋ ስንል «ታዲያ የ1991ዱን ዋናውን ልየው ወይስ ይሄ ይበቃኛል?» አለችኝ። መልሱ ከስልክ ወሬ ስለረዘመብኝ እዚህ ጻፍኩት።

ግራ የተጋባችው እሷ ብቻ አይደለችም። «ፕራይም ሰስፔክት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ይመጡበታል፦ በ1991 የጀመረው፣ ሄለን ሚረን መርማሪዋን ጄን ቴኒሰንን ሆና የምትጫወትበት ዋናው ድራማ፣ በ2011 አሜሪካኖች ወደ ኒው ዮርክ ወስደው እንደገና የሠሩት፣ እና የጄንን የ22 ዓመት ዕድሜ የሚተርከው የ2017ቱ። ከዚያ «የመርማሪ ወጣትነት» የሚያሳዩ ሌሎችም አሉ። የሚወዷቸው ሰዎች ደግሞ አንዱን ካላያችሁ ምንም አላያችሁም ይላሉ። ስለዚህ ከማንም ማሞገስ በፊት መለኪያውን እናስቀምጥ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው መለኪያ ለእኔ ከሁሉም ይከብዳል። ፕሪክዌል ማለት የምናውቀውን ገጸ ባህሪ ይዞ ወደ ኋላ የሚመለስ ታሪክ ነው። ስለዚህ አንድ ቀላል ፈተና እሰጠዋለሁ፦ የዋናውን ገጸ ባህሪ ስም በሌላ ስም ብንቀይረው ታሪኩ ምን ይጎድለዋል? ምንም የማይጎድለው ከሆነ የተሸጠልን ስሙ ነው፤ ድራማው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ፕሪክዌል ግን አይደለም። ይህን «የስም ፈተና» እያልኩ እጠራዋለሁ።

ሁለተኛው፣ ያልቃል ወይስ አንጠልጥሎ ይተወናል? ከእነዚህ ድራማዎች መካከል ጣቢያው ቀድሞ ያቋረጣቸው አሉ። መሃል ላይ የተቋረጠ ድራማ ማለት ደግሞ መጨረሻው የጎደለ ደብዳቤ ነው።

ሦስተኛው ሰዓትና ዳታ ነው። አራተኛው ጆሯችን፦ ለእነዚህ ሥራዎች በአማርኛ የተጻፈ የግርጌ ጽሑፍ አታገኙም፤ በእንግሊዝኛው መመራት ግድ ነው። የምሥራቅ ለንደን ሰው ሲናገር ደግሞ ኮሌጅ የተማርነው እንግሊዝኛ ብዙም አይረዳንም። አምስተኛው ሳሎን ውስጥ አብሮን የሚቀመጠው ማን ነው የሚለው ነው። ሪሞቱን ይዞ «ይሄን እንለፈው» ማለት አድካሚ ነው፤ በተለይ አባት ወይም አማት ባለበት።

«ፕራይም ሰስፔክት 1973»

ቦታው የለንደኑ ሃክኒ ነው። ጄን ቴኒሰን ገና በሙከራ ላይ ያለች ኮንስታብል ናት፤ የምትኖረው ከእናት አባቷ ጋር ነው፤ ታናሽ እህቷ ልትሞሸር ሽር ጉድ ላይ ናት። በዕፅ ሱስ የተያዘች አንዲት ልጅ ታንቃ ትገኛለች፤ ጄንም እንደ አጋጣሚ ወደ ምርመራው ትገባለች። በሌላ በኩል ክሊፎርድ ቤንትሊ የሚባል የወንበዴ ቤተሰብ አባወራ ከእስር ቤት ሆኖ የባንክ ዘረፋ ያቅዳል። ሁለቱ ክሮች እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ይህን ድራማ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል፤ ድራማው ራሱ በቅጡ ስለማይነግረን። እስከ 1973 ድረስ የለንደን ፖሊስ ሴቶች የራሳቸው የተለየ ክፍል ነበራቸው። የጠፉ ሕፃናት፣ የተበደሉ ሴቶች፣ ያመለጡ ልጃገረዶች፣ እንዲህ ያለው ሥራ የእነሱ ነበር። በዚያ ዓመት ክፍሉ ፈርሶ ከወንዶቹ ጋር ተቀላቀሉ። ደሞዛቸው ከወንዱ ደሞዝ 90 በመቶ ነበር። የሚሰጣቸው የፖሊስ ዱላም በእጅ ቦርሳ እንዲገባ ተብሎ ያጠረ ነበር። በፆታ የሚደረግን አድልዎ የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1975 ነው። እንግዲህ ጄን የገባችው በሩ ተከፍቶ ወንበር ባልተዘጋጀበት ቤት ነው ማለት ነው።

ድራማው ይህን በጥቃቅን ነገሮች ሲያሳይ ያምርበታል። ሴቷ ኮንስታብል ሻይ ታፈላለች፣ ስልክ ታነሳለች፣ ወንዶቹ በተጨናነቁበት በዚያ በሲጋራ ጭስ በታፈነ ክፍል የሌላ ሰው ማስታወሻ በታይፕ ትመታለች። አዲስ የተቀጠረች ወጣት ሴት «ቡና አምጪልን» የሚባልበት መሥሪያ ቤት ለሠራ አንባቢ ይህን መተርጎም አያስፈልግም። ካት ሞርጋን የምትባለው ነባር የሴት ፖሊስ ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚኖር በቀልድ እያዋዛች ታስተምራታለች። ለእኔ ከድራማው ሁሉ በጣም ሕይወት ያላት ገጸ ባህሪ እሷ ናት።

የባንክ ዘረፋው ክር ከእውነተኛ ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። በ1971 ሌቦች በለንደን ቤከር ጎዳና አንድ የቆዳ ዕቃ ሱቅ ተከራይተው፣ ከሥሩ ቆፍረው የሎይድስ ባንክ ግምጃ ቤት ገብተው ነበር። የሬዲዮ መገናኛቸውን ንግግር አንድ አማተር የሬዲዮ ሰው በአጋጣሚ ሰምቶ ለፖሊስ አመለከተ። ፖሊስ ባንክ ለባንክ ሲዞር የተዘረፈው ባንክ ድረስ መጥቶ፣ የግምጃ ቤቱ በር እንደተቆለፈ ስላገኘው ተመልሶ ሄደ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ድራማውን በሌላ ዓይን ያየዋል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። 1973 ለእኛም ተራ ዓመት አልነበረም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ይኸው አይ ቲ ቪ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ዘገባ አስተላልፎ እንግሊዝ ደነገጠ። ስለዚህ የቴኒሰን ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑን ባየሁ ቁጥር፣ ያ ፊልም ሲመጣ እነዚህ ሰዎች ሶፋው ላይ እንዴት ይቀመጡ ይሆን እላለሁ። ድራማው ይህን አይነካም፤ የእኔ ሐሳብ ነው።

ወደ ድክመቱ ስንመጣ፣ የስም ፈተናውን ይወድቃል። ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በአብዛኛው። ከሦስተኛው ክፍል በኋላ ካሜራው ከቤንትሊ ቤተሰብ መለየት ያቅተዋል። አለን አርምስትሮንግና ሩት ሺን ባልና ሚስት ሆነው የሚጫወቱበት ቤት ከፖሊስ ጣቢያው ይልቅ ይሞቃል። ጄን ደግሞ በራሷ ታሪክ ውስጥ እንግዳ ትመስላለች። ከአለቃዋ ከኢንስፔክተር ብራድፊልድ ጋር ያለው የልብ ነገርም የሴትዮዋን ብርታት ከማሳየት ይልቅ ጊዜ ይበላል። ገጸ ባህሪዋን የፈጠረችው ደራሲ ሊንዳ ላ ፕላንት ከዝግጅቱ ጋር ባለመስማማት ወጥታለች፤ ስክሪፕቱን የጻፈው ግሌን ሌከር ነው። አይ ቲ ቪም ሁለተኛ ሲዝን አላዘዘም።

ሰዎች ጥፋቱን በዋናዋ ተዋናይ በስቴፋኒ ማርቲኒ ላይ ሲጭኑ ግን አልስማማም። «ሚረንን አትመስልም» ይላሉ። የ22 ዓመት ልጅ የ40 ዓመቷን ሴት ለምን ትመስላለች? ማርቲኒ በዓይኗ ነው የምትጫወተው፤ ጥግ ላይ ቆማ ወንዶቹ የሚሳሳቱበትን ነገር አይታ ዝም ስትል። ያ ዝምታ ኋላ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ያጣጥመዋል። የማያውቅ ሰው ደግሞ «ይህቺ ልጅ ምን ሆና ነው የማትናገረው?» ይላል። ምክሬም የሚነሳው ከዚሁ ነው።

የ1991ዱ «ፕራይም ሰስፔክት»

የማዕረጉ ስም እኛ ጋ አለ፤ ዋና ኢንስፔክተር። ጄን ቴኒሰን ዋና ኢንስፔክተር ናት፤ ግን የግድያ ምርመራ አይሰጧትም። ምርመራውን ይዞ የነበረው ወንድ አለቃ በልብ ድካም በድንገት ሲሞት ገና ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ሄዳ «ለእኔ ስጡኝ» ትላለች። ነውር ነው። ተመልካቹም ነውር መሆኑ ይሰማዋል፤ ደራሲዋ የፈለገችውም ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ ሳጅን ኦትሊና ጓደኞቹ የሟቹን ወዳጅነት ይዘው ያደሙባታል።

ሚረን ስትጫወት ልብ የምትሉት አንድ ነገር አለ። የበታቾቿ በሴት የክብር መጠሪያ ሲጠሯት ትቆርጣቸዋለች፤ ለወንድ አለቃ በሚባለው እንዲጠሯት ነው የምትፈልገው። «አለቃ» ለሴትም ለወንድም አንድ የሆነለት አማርኛ ተናጋሪ ይህ ለምን ያን ያህል እንደሚከነክን መጀመሪያ ላይ አይገባው ይሆናል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ይገባዋል።

ገጸ ባህሪዋ ከአየር አልተፈጠረችም። ላ ፕላንት በለንደን ፖሊስ ዋና ኢንስፔክተር ከነበረችው ከጃኪ ማልተን ጋር እየተነጋገረች ነው የቀረጸቻት። ሚረን በዚህ ሥራ የብሪታንያውን የባፍታ ሽልማት ለሦስት ተከታታይ ዓመታት፣ የአሜሪካውን የኤሚ ሽልማት ደግሞ ሁለት ጊዜ ወስዳለች።

ሰባት ምዕራፎች ሲሆኑ በ1991 ተጀምረው በ2006 አልቀዋል። ትልቁ ጥቅም እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ጉዳይ መሆኑ ነው፤ አንዱን አይታችሁ ብታቆሙ ማንም አይወቅሳችሁም። የመጀመሪያው ሁለት ረጃጅም ክፍሎች ነው፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ላ ፕላንት ራሷ የጻፈቻቸው አንደኛውና ሦስተኛው ከሌሎቹ ይበልጣሉ ባይ ነኝ። ውጭ አገር ለሚኖር አንባቢ ግን ስድስተኛውን የ2003ቱን ለይቼ እጠቁማለሁ፤ የተገደለችው የቦስኒያ ስደተኛ ናት፣ ምርመራውም ከጦርነቱ ወንጀል ጋር ይያያዛል። ሁለተኛው ደግሞ ለንደን ባለው የካሪቢያን ጥቁሮች ማኅበረሰብና በፖሊስ መካከል ያለውን አለመተማመን ይዞ ይመጣል።

ማስጠንቀቂያ አለው። የሬሳ ፎቶግራፍ፣ ስለ ወሲብ ጥቃት የሚነገር ዝርዝር፣ ስድብ፣ ሁሉም ሳይሸፈን ነው የሚቀርበው። ከልጆች ጋር አይታይም፤ ከአማት ጋርም አልመክርም። ምስሉ የ1991 ምስል ነው፤ የዛሬ ስልክ ላይ ያለውን ጥራት የለመደ ዓይን የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ይከፋዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል።

«ኢንደቨር»

ፖሊሱ ወንድ ነው፤ ስለዚህ የወጣት ሴት ፖሊስ ታሪክ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ አማራጭ አይደለም። ያስገባሁት የስም ፈተናውን ከሁሉም በበለጠ ስለሚያልፍ ነው። ኢንስፔክተር ሞርስ ከ1987 እስከ 2000 በጆን ቶው የተጫወተ የኦክስፎርድ መርማሪ ነው፤ ኦፔራ የሚወድ፣ መስቀለኛ ቃላት የሚሞላ፣ ቢራ የሚያበዛ፣ ብቸኛ። የመጀመሪያ ስሙን ለማንም አይናገርም ነበር፤ ተመልካች ያወቀው በ1997 ነው። የፕሪክዌሉ ርዕስ ያ የተደበቀ ስም ነው።

በ2012 ተጀምሮ በ2023 ያለቀ፣ 36 ክፍል፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጠጋ። ታሪኩ ከ1965 እስከ 1972 ይሄዳል። የሞርስ መጠጥ ከየት እንደመጣ፣ ብቸኝነቱን ማን እንዳተመበት፣ ለአለቃው ለፍሬድ ተርስዴይ ምን ዕዳ እንዳለበት ቀስ ብሎ ይገለጣል። ሾን ኢቫንስ የሚጫወተውን ወጣቱን ሞርስን በሌላ ስም ብትጠሩት ግማሹ ትርጉም ይፈሳል። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሲዝን ትሩላቭ የምትባል ወጣት የሴት ፖሊስ አለች፤ ከብዙዎቹ ወንዶች የምትቀድም፣ ግን ሻይ የምትታዘዝ። የእሷ ለብቻዋ ድራማ አለመሠራቱ ይቆጨኛል።

የጋዜጣ አዘጋጇን ሆና የምትጫወተው አቢጌል ቶው የጆን ቶው ልጅ ናት። ቶው ማለት በረዶ ሲሟሟ ነው፤ ለገጸ ባህሪዋ የሰጧት የአባት ስም ፍራዚል ደግሞ የበረዶ ዓይነት ነው። ጸሐፊው ራስል ሉዊስ እንዲህ ያለ ጨዋታ ይወዳል። ሰምና ወርቅ የለመደ ተመልካች ይደሰትበታል።

አነጋገሩ ጠራ ያለ ነው፣ ደሙም መጠነኛ። ችግሩ ርዝመቱ ነው፤ 50 ሰዓት ያልፋል።

ቶሎ ቶሎ የማልፋቸው

«ያንግ ዋላንደር» ኔትፍሊክስ ላይ በ2020 እና በ2022 የወጣ፣ ሁለት ሲዝን፣ 12 ክፍል ነው። የስዊድኑን መርማሪ ዋላንደርን ወጣት አድርጎ ያመጣዋል፤ ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም፣ ወጣቱን ዋላንደርን የዛሬዋ ማልሞ ላይ ስልክ አስይዞ አቆመው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ የተቀረጸው ሊትዌኒያ ነው። ስለ ስደተኞችና ስለ ጥላቻ የሚያነሳው ነገር ይመዝናል። የስም ፈተናውን ግን በዜሮ ነው የሚወድቀው፤ ልጁን ዮሐንስ ብትሉት ለውጥ የለውም።

«ደብልዩ ፒ ሲ 56» (ደብልዩ ፒ ሲ ማለት ሴት የፖሊስ ኮንስታብል ነው) ፕሪክዌል አይደለም፤ ቀድሞ የሚታወቅ ጀግና የለበትም። ቢቢሲ ከ2013 እስከ 2015 በቀን ሰዓት ያስተላለፈው፣ 15 ክፍል፣ እያንዳንዱ ሦስት ሩብ ሰዓት። በ1956 አንድ በምናብ የተፈጠረ የእንግሊዝ ከተማ ጣቢያ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት ኮንስታብል ትመደባለች። ለእሷ የተዘጋጀ ክፍል ስለሌለ ዕቃ ማስቀመጫ ይሰጧታል። የጉዳዩ አቀራረብ ከሌሎቹ ለስላሳ ነው፤ የሚነሱት ጉዳዮች ግን ቀላል አይደሉም። ሦስተኛው ሲዝን ላይ ዋናዋ ገጸ ባህሪ በሌላ ትተካለች፤ ቀድማችሁ ካላወቃችሁት ያበሳጫል።

የ2011ዱ የአሜሪካ «ፕራይም ሰስፔክት»፣ በማሪያ ቤሎ፣ 13 ክፍል፣ ኒው ዮርክ፣ ጀግናዋም ጄን ቲሞኒ ናት እንጂ ቴኒሰን አይደለችም። እዚህ የጠቀስኩት በስሙ ተታላችሁ እንዳትገዙት ነው። መጥፎ አይደለም፤ የምትፈልጉት ግን እሱን አይደለም።

በአንድ ዓይን

| ሥራው | ታሪኩ የሚካሄድበት ዘመን | ክፍልና ሰዓት (ገደማ) | የስም ፈተና | ያልቃል? | ለጆሮ | ሳሎን ውስጥ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ፕራይም ሰስፔክት 1973 | 1973፣ ለንደን | 6 ክፍል (በአሜሪካው 3)፣ 4 ሰዓት ተኩል | በአብዛኛው ይወድቃል | ጉዳዩ ይዘጋል፣ ቀጣይ የለም | ከባድ | ለአዋቂ |
| ፕራይም ሰስፔክት (1991–2006) | በወጣበት ዘመን | 7 ምዕራፍ፣ 25 ሰዓት፤ የመጀመሪያው ብቻ 3 ሰዓት ተኩል | ዋናው ስለሆነ አይፈተንም | አዎ፣ እያንዳንዱ | መካከለኛ | ለአዋቂ ብቻ |
| ኢንደቨር | 1965–1972፣ ኦክስፎርድ | 36 ክፍል፣ 54 ሰዓት | በደንብ ያልፋል | አዎ፣ በምሉዕ ፍጻሜ | ቀለል ያለ | ከታዳጊ ጋርም ይሆናል |
| ያንግ ዋላንደር | የዛሬዋ ማልሞ | 12 ክፍል፣ 9 ሰዓት | ይወድቃል | ጉዳዮቹ ይዘጋሉ | ቀለል ያለ | ለአዋቂ |
| ደብልዩ ፒ ሲ 56 | 1956 እና ተከታዮቹ ዓመታት | 15 ክፍል፣ 11 ሰዓት | አይመለከተውም | በየሲዝኑ | መካከለኛ | ከሌሎቹ ይሻላል |

ስለ ገንዘቡና ስለ ዳታው

አዲስ አበባ ሆኖ በሞባይል ዳታ የሚያይ ሰው እንዲህ ያስላ፦ በተራ ጥራት አንድ ሰዓት ቪዲዮ እስከ 1 ጊጋባይት ይበላል፣ በከፍተኛ ጥራት እስከ 3። ስለዚህ የ1973ቱ በሙሉ 5 ጊጋባይት አይሞላም፣ የ1991ዱ የመጀመሪያ ምዕራፍ 3 ተኩል ገደማ ነው፣ «ኢንደቨር» ደግሞ 50 አልፎ ይሄዳል። ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ማየት ይሻላል፤ ጥራቱንም ዝቅ አድርጉት፣ በ1991 የተቀረጸ ነገር በከፍተኛ ጥራት ሲጫን ዳታውን ይበላል እንጂ ምስሉን ብዙ አያሻሽለውም።

የማሳያ መብት በየአገሩ ይለያያል፣ በየጊዜውም ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው ይዞራል። ዲሲ ያለ ሰው የሚያገኘውን ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለው ላያገኘው ይችላል። ወርሃዊ ክፍያ ከመግባታችሁ በፊት መድረኩ ላይ ርዕሱን ፈልጉ፣ በሁለቱም ስም፦ «1973» እያላችሁም፣ «ቴኒሰን» እያላችሁም። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ውጭ ያለ ዘመድ አስቸግሬ የወር ክፍያ አስከፈልኩ፤ ርዕሱ በእርግጥ ነበር፣ ግን ለእኛ አገር የተዘጋ ነበር። ያን ወር ያየሁት የምግብ ዝግጅት ፕሮግራም ነው።

ከማየት ማንበብ ለሚቀለው ደግሞ የላ ፕላንት ልብ ወለዶች አሉ። የ1973ቱ ድራማ የተቀዳበት «ቴኒሰን» በ2015 ወጣ፤ ተከታታዩም በ2024 በአሥረኛው መጽሐፍ ተጠናቋል። ቴሌቪዥኑ ያቋረጠውን የጄንን ጉዞ እነሱ ከኮንስታብልነት አንስተው እስከ ላይ ያደርሳሉ። የስም ፈተናውንም ከድራማው በተሻለ ያልፋሉ፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ከጄን ጭንቅላት ብዙ አይርቅም።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ጄን ቴኒሰንን ጭራሽ ለማያውቅ ሰው፦ በ1973 አትጀምሩ። የታሪኩ ቅደም ተከተል ይህን ይላል፣ ጣቢያውም እንዲህ ብሎ ይሸጠዋል፤ ግን የማርቲኒ ዝምታ ዋጋ የሚኖረው የሚረንን ድምፅ ለሰማ ነው። መጀመሪያ የ1991ዱን የመጀመሪያ ምዕራፍ እዩ። ሁለት ምሽት ነው። ካልወደዳችሁት 1973ቱንም አትወዱትም፣ ጊዜያችሁ ተረፈ።

ሚረንን ከዚህ በፊት አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ በቀጥታ ወደ 1973 ግቡ፤ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ ከዘረፋው ይልቅ ጄንን ተከተሉ። ዘረፋው ራሱን ይችላል።

እንግሊዝኛውን ለማሻሻል የምታዩ፣ ወይም ከሥራ መልስ በሳምንት አንድ ሙሉ ፊልም የምትፈልጉ፣ «ኢንደቨር»። ለአንድ ክረምት ይበቃል። የቤት ሠራተኛ ሆናችሁ ባሕረ ሰላጤው አገር ውስጥ በቀን አንድ ሰዓት እንኳ ለማታገኙት ግን አንድ ሰዓት ተኩል ይረዝማል፤ የ«ደብልዩ ፒ ሲ 56» ሦስት ሩብ ሰዓት ይሻላችኋል።

ኔትፍሊክስ ብቻ ያለው ሰው «ያንግ ዋላንደር»ን ይሞክር፤ ጥሩ የወንጀል ድራማ ነው፣ የወጣትነት ታሪክ አድርጎ እንዳይጠብቀው እንጂ። ፖሊስ ልትሆን የምታስብ ወጣት እህት ወይም ልጅ ያላችሁ ደግሞ ከ«ደብልዩ ፒ ሲ 56» ጀምራችሁ የ1991ዱን ለኋላ አቆዩላት።

የወንድሜ ሚስት ምክሬን ሳትሰማ ጀምራ ነበርና ለእሷ የሰጠሁት ቅደም ተከተል ትንሽ ይለያል። 1973ቱን ጨርሳለች፤ አሁን የ1991ዱን አንደኛውን ታያለች፣ ከዚያ ሦስተኛውን፣ ከዚያ መሃሉን ዘልላ የ2006ቱን የመጨረሻ ምዕራፍ። እዚያ ጄን ጡረታ ልትወጣ ነው፣ መጠጡ በርትቶባታል፣ አባቷም በጠና ታመዋል። በ1973ቱ ልጃቸው በፖሊስ ልብስ ስትገባ ስትወጣ ሳሎን ተቀምጠው የሚያዩአት እኚሁ አባት ናቸው። ተዋናዩ ሌላ ነው፣ በሁለቱ ሥራዎች መካከልም አሥራ አንድ ዓመት አለ፣ የቀደመው የተሠራው ደግሞ ኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ ሁለቱን አከታትላችሁ ካያችሁ የሆስፒታሉ አልጋ ጎን ስትቀመጥ የትኛዋ ጄን እንደተቀመጠች ይጠፋችኋል። ትናንት ደውላ ሦስተኛውን እንደጀመረች ነገረችኝ፤ ሳጅን ኦትሊ ተመልሶ መጣ ብላ ተናዳለች።